ማንጎ ሥር ምን ይበቅላል?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ሲደርስ አየሩ መለወጥ ይጀምራል። መርሳ ላይ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ በግልጽ ይሰማል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ በፍራፍሬዋ የምትታወቅ ናት። ብርቱካኑ፣ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ሙዙና አቮካዶው በየግቢው አለ። ማንጎው ግን ከሁሉም ይገዝፋል። አያት የተከሉት ዛፍ ዛሬ ከቤቱ ጣራ በላይ ወጥቶ የግቢውን እኩሌታ ሸፍኖታል፤ እንግዳ የሚቀመጠው፣ ቡና የሚፈላው፣ ልጅ የሚያጠናው ከሥሩ ነው።

መሬቱ ግን ባዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ይጠረጋል፤ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ይረጭበታል። ዓመት ከዓመት ሲረገጥ ጠጥሮ፣ የዛፉ ሥር አፈር ላይ ወጥቶ ይታያል። የክረምት ዝናብ ሲመጣ ውኃው ሳይሰርግ ወደ አጥር በር ይወርዳል። ይህን አይቶ ሰርዶ ለማልበስ የሞከረ ሰው ብዙ ነው። ሰርዶው በሐምሌ ይይዝና ደስ ያሰኛል፤ በጥቅምት ይሳሳል፤ ኅዳር ላይ እዚህም እዚያም የደረቀ ክር ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ "ማንጎ ሥር ምንም አይበቅልም።"

ይህ ፍርድ ግማሹ እውነት ነው። ሰርዶ ማንጎ ሥር አይኖርም። "ምንም" የሚለው ግን ስሕተት ነው። ጥፋቱንም ሁሉ በጥላው ላይ መጫን አይገባም። ጥማቱ፣ እግሩና መጥረጊያው ከጥላው ባልተናነሰ መሬቱን ያራቁቱታል። ምን እንደሚተከል ለመወሰን እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ብርሃኑን እንይ። የዛፍ ጥላ ሁሉ አንድ አይደለም። ፓፓያ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ላይ ጥቂት ቅጠል ይዘረጋል፤ ፀሐይ ጠዋትና ማታ በጎን ስለምትገባ ከሥሩ ያለው ተክል ብዙም አይጎዳም። የግራር ጥላ እንደ ወንፊት ነው፤ ጥቃቅኑ ቅጠል ብርሃኑን እየቆራረሰ ያሳልፈዋል። ዋንዛ ቅጠሉ ሰፊ ቢሆንም በደረቁ ወራት ይሳሳል። ማንጎ ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ያለና ከላይ እስከ ታች የተደራረበ ነው። ተገርዞ በማያውቅ ትልቅ ማንጎ ሥር እኩለ ቀን ላይ የሚደርሰው ብርሃን ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ካለው ከመቶ አሥር እጅ አይሞላም።

የሚደርሰው ጥቂት ብርሃንም ቢሆን በቅጠሉ ተጣርቶ የተረፈ ነው። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩንና ሰማያዊውን ለምግብ መሥሪያ ያስቀረዋል፤ ወደ ታች የሚያልፈው በአብዛኛው አረንጓዴውና ዓይናችን በቅጡ የማያየው፣ ከቀይ ወዲያ ያለው ብርሃን ነው። ሣር ይህን ለውጥ ይለያል። ሌላ ተክል ከላዩ እንዳለ ሲገባው ወደ ጎን መሳቡን ይተውና ወደ ላይ ለማምለጥ ይረዝማል። ቅጠሉ ይቀጥናል፤ ሥሩ ያጥራል። ጥላ ውስጥ ያለ ሰርዶ ረዥምና ሐመልማሉ የገረጣ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። በዚያ ሁኔታ ላይ አንድ ጊዜ ቢታጨድ ወይም በግ ቢግጠው መልሶ ለማቆጥቆጥ የሚያስችል ስንቅ የለውም።

ሰርዶ ከማሽላ፣ ከበቆሎና ከጤፍ ጋር በምግብ አሠራሩ ይመሳሰላል። እነዚህ ሁሉ ለሙቀትና ለኃይለኛ ፀሐይ የተፈጠሩ ናቸው፤ ብርሃን በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይሠራሉ፤ ብርሃን ሲቀንስ ደግሞ ከሌሎቹ ተክሎች ፈጥነው ይደክማሉ። ያንኑ ሰርዶ ፈረንጆቹ በርሙዳ ሣር ብለው በየእግር ኳስ ሜዳውና በየጎልፍ መጫወቻው ያለብሱታል፤ እዚያም ቢሆን ዛፍ ሥር አይተክሉትም። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ለጥላ ቦታ የሚመረጠው ሴንት ኦገስቲን የተባለው ቅጠለ ሰፊ ሣር ነው፤ እሱም ቢሆን በቀን የተወሰነ ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ይሳሳል። በወልድያና ከዚያ በላይ ባለው ቀዝቃዛ አገር የሚስማማው ኪኩዩ ሣር ከሰርዶ ትንሽ ቢሻልም፣ ድፍን ጥላ እሱንም ያሸንፈዋል።

እዚህ ላይ ስለ ፀሐይ አቅጣጫ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ለእኛ አገር የማይሆን ምክር የሚሰጡት በዚህ ጉዳይ ነውና። እነሱ ዘንድ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ የሚወድቀው ወደ ሰሜን ነው። የእኛ ግን ይገለበጣል። ወልድያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ልትደርስ ጥቂት የቀራት ከተማ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 13 እና ነሐሴ 16 ገደማ፣ ቀትር ላይ በትክክል ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀረው ዓመት ደግሞ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ቁመቱ አሥር ሜትር የሆነ ዛፍ በሰኔ መጨረሻ ላይ ቀትር ጥላው ወደ ደቡብ ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ወደ ሰሜን ሰባት ሜትር ያህል ይዘረጋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ሣር የግድ እፈልጋለሁ የሚል ሰው በዛፉ ደቡብ በኩል፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ወጣ ብሎ ያልብሰው፤ ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ወራት ፀሐይ የሚያገኘው ያ ወገን ነው። በሰሜን በኩል ያለው መሬት በጋውን በጥላ ስለሚያሳልፍ እርጥበቱ ይቆያል፤ እሱ ለጥላ ወዳዶቹ ይሁን። ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ነጭ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈው እጅዎን ከላዩ ይዘርጉ። የጣትዎ ጥላ ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ ሣር ይሞከራል። ጥላው ደብዘዝ ካለ ለቡናና ለጌሾ ይሆናል። ምንም ጥላ ካልታየ ዛፉ ሳይገረዝ የሚተከል ነገር የለም።

ከብርሃን የበለጠ ግን የሚገድለው ጥማት ነው። ሲሪንቃ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቦታ ናት፤ በዚያ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የአካባቢውን ዝናብ ሲለካ የኖረ ነው። የዓመቱ አማካይ ከ900 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ይህ በቁጥሩ የሚናቅ አይደለም። ችግሩ አመጣጡ ነው። አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ በልጉ የሚመጣበት ዓመት አለ፣ የሚቀርበትም አለ። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ደግሞ ከሚዘንበው ላይ ቀረጥ ይወስዳል። ቀላል ካፊያ ቅጠሉን አርሶ እዚያው ተንኖ ይቀራል እንጂ መሬት አይደርስም። በበልግ ካፊያ ማግሥት ሁለት ጣት ከሜዳው አፈር፣ ሁለት ጣት ከማንጎው ሥር አፈር ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ ሜዳው ረጥቦ ማንጎው ሥር ዱቄት ሆኖ ይገኛል።

የደረሰውንም ውኃ ዛፉ ይሻማል። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ይመስለዋል። ወደ ታች የሚወርድ አለ፤ ነገር ግን ውኃና ምግብ የሚሰበስበው ቀጭኑ ሥር አብዛኛው ያለው በላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ከቅርንጫፉ ጫፍም አልፎ ይሄዳል። አዲስ የተተከለ ሣር ሥሩን የሚዘረጋው በዚያው ንጣፍ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሳያውቀው ሕፃኑን ከጎልማሳው ጋር አታግሎታል።

"እንግዲያው አጠጣለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም። መርሳና ጊራና የመስኖ አገር ናቸው፤ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል፣ የውኃ አባት ተራ ያሲዛል፣ ግቢ ድረስ ውኃ የሚገባለት ሰው አለ። ግን ማንጎ የራሱ ጠባይ አለው። በደንብ እንዲያብብ ከአበባው በፊት ባሉት ወራት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ውኃ ሲበዛበት አበባውን ትቶ ቅጠል ያወጣል። ሣር ደግሞ ውኃ የሚለምነው ልክ በዚያው፣ ክረምት ወጥቶ ምድር በሚደርቅበት ወቅት ነው። ሣሩን ለማዳን በየሁለት ቀኑ የሚያጠጣ ሰው ፍሬውን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ምክንያት ይህ ነው፤ ማንጎና የሣር ምንጣፍ በጠባያቸው የማይጣጣሙ ባልንጀሮች ናቸው።

ቡና ግን ከማንጎ ጋር ይስማማል። የቡና እምቡጥ በበጋው ደርቆ ይቆይና የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ያፈነዳል። ማንጎው ሲጠማ እሱም መጠማት አለበት ማለት ነው። የአረቢካ ቡና የተገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ቅጠሉ ከሙሉ ፀሐይ ሲሶ ያህል ካገኘ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለሙቀትና ለመጠውለግ ይዳርገዋል። ከሐይቅ ዳርቻ አንሥቶ እስከ መርሳ ድረስ በየጓሮው ከፍራፍሬ ዛፍ ሥር ቡና የሚያበቅል ቤተሰብ አለ፤ ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። ዋንዛውን ለመዝጊያና ለጥላ፣ ማንጎውን ለፍሬ፣ ቡናውን ለጀበና ብለው በአንድ ቦታ ያኖሩ እናቶችና አባቶች ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት ይህን ያውቁታል። የቡናው ችግኝ የሚተከለው ከማንጎው ግንድ ሥር ተጠግቶ አይደለም፤ ከግንዱ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ብርሃኑ ሰብሮ በሚገባበት ጠርዝ ላይ ነው።

ጌሾ ሁለተኛው ነው። በዱር ሲገኝ በደን ጠርዝና በወንዝ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ስለሆነ ከፊል ጥላ ይስማማዋል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ እየተለቀመ ይሸጣል፣ ለጠላና ለጠጅ ይሆናል። ጠላ በማይጠመቅበት ቤት እንኳ ገበያ ወስዶ ለመሸጥ ጥሩ ነው። ከግቢ ውበት አንጻርም አንጸባራቂ ቅጠሉ ከማንኛውም ጌጥ ተክል አያንስም።

ውኃ የሚያልፍበት ቦይ ዳር፣ ጥላው ከበድ ባለበት ቦታ ጎደሬ ይሆናል። ሰፊ ቅጠሉ ራሱ ጥቂት ብርሃን ለመያዝ የተሠራ ነው። ሥሩ ሳይበስል የሚያሳክክ ንጥረ ነገር ስላለው በደንብ መቀቀል አለበት። ዝንጅብልና እርድም የጥላ ልጆች ናቸው፤ በሕንድ የማንጎ እርሻዎች ውስጥ በዛፎቹ መካከል ከሚተከሉት ውስጥ እነዚሁ ሁለቱ ይገኛሉ። ዝንጅብል የሚተክል ሰው ግን ዘሩን ከየት እንዳመጣ ይጠይቅ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው አጠውላጊ የባክቴሪያ በሽታ ከተበከለ የዘር ሥር ጋር ይጓዛል። አፈር ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ጤነኛ መሆኑ ያልተረጋገጠ ሥር ከገበያ ገዝቶ ከመቅበር ይልቅ እርድ መትከል ይሻላል።

እንሶስላ ከሁሉም በላይ የማዝንለት ተክል ነው። ለሠርግና ለበዓል ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚሞቁበት፣ ሥሩ ተቀጥቅጦ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ያ ተክል በተፈጥሮው ጥላና እርጥበት ወዳድ ነው፤ የሚበቅለው በወንዝ ዳርና በደን ውስጥ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ውስጡ ሐምራዊ ነገር ጣል ጣል ያለበት፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚቆም፣ ማየት የሚያስደስት ነው። በውጭው ዓለም የአትክልት ሱቆች ለጥላ ቦታ ከሚሸጧቸው አበቦች መካከል ዋነኞቹ የእንሶስላ ዘመዶች ናቸው፤ እኛ አገር በቀሉን ትተን የእነሱን ዘር በውድ እንገዛለን። ወልድያና ከወልድያ በላይ ያለ ሰው እርጥበት በማይለየው የጥላ ጥግ እንሶስላ ቢተክል ይሳካለታል። ሥሩ አፈር ውስጥ ስለሚከርም ቅጠሉ በበጋ ቢጠፋ ሞቷል ብሎ መንቀል አይገባም፤ ክረምት ሲገባ መልሶ ይወጣል።

በግና ፍየል ላለው ሰው ደግሞ የመኖ መልስ አለ። ጊኒ ሣር የሚባለው ረዥም የአፍሪካ ሣር በተፈጥሮው ከዛፍ ጥላ ሥር ሲበቅል የሚገኝ ነው፤ የማንጎን ድፍን ጥላ ባይችልም በዋንዛ፣ በግራርና በግራቪሊያ ሥር ይሆናል። ከእሱ ጋር ዴስሞዲየም የሚባለውን ሐረግ መሰል መኖ መዝራት ይቻላል፤ ጥላ ይችላል፣ መሬት ይሸፍናል፣ እንደ ባቄላና አተር ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ታጭደው ለከብቱ ሲቀርቡ ነው። ከብቱን ዛፍ ሥር ማሰር ሌላ ችግር ያመጣል።

ይህም ወደ እግሩና ወደ መጥረጊያው ይወስደናል። አንድ የመርሳ ግቢ ውስጥ ሁለት ቦታ ማየት በቂ ነው። የመጀመሪያው ሰው የሚቀመጥበት፣ በየቀኑ የሚጠረገው ነው። መሬቱ ግራጫ ነው፤ ጥፍር አይገባበትም። ሁለተኛው ከዚያው ማንጎ ሥር፣ አጥሩ ጥግ፣ መጥረጊያ የማይደርስበት ነው። እዚያ ላዩን የደረቀ ቡናማ ቅጠል ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ከሥሩ ያለው ሽፋን የረጠበ፣ ደም ሥሩ ብቻ የቀረ ቅጠል ነው። ከዚያ በታች ነጫጭ የሻጋታ ክሮች ቅጠልን ከቅጠል ሰፍተውት ይገኛሉ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ይሸታል፤ ትል ይርመሰመስበታል። ዛፉ ያው፣ ጥላውም ያው ነው። እዚህኛው ላይ ማንም ሳይዘራ የወደቀ የፓፓያ ፍሬ በቅሎ ይታያል፤ እዚያኛው ላይ ምንም የለም።

መጥረግ ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም። ቅጠል ውስጥ ጊንጥ ይደበቃል፤ እባብም ይፈራል። የተጠረገ ደጅ የቤት ክብር ነው፤ ለወሎ ሰው እንግዳ መቀበያው ነው። ስለዚህ "አትጥረጉ" ማለት አይሆንም። መቀመጫው ተለይቶ ይከለል፣ ድንጋይ ይነጠፍበት ወይም እንደ ድሮው ይጠረግ፤ የቀረው የጥላ ቦታ ግን ለቅጠሉ ይተው። ከመቀመጫው የተጠረገው ቅጠል አይቃጠል፤ ወደዚያ ይዛወር። ምስጥ ባለበት ቀበሌ ቅጠሉን ከግንዱ አንድ ክንድ ማራቅ ይገባል።

እግር የሚያደርሰው ጉዳት በዋርካ ሥር ይበልጥ ይታያል። ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ዱዓ የሚደረግበት፣ የገበያ ቀን አህያ የሚታሰርበት ዋርካ ሥሩ ባዶ የሆነው በጥላው ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ተረግጦ አየርና ውኃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስለጠፋ ነው። ተቃራኒውን ለማየት በአጥር የተከለለ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ መግባት ይበቃል። ብዙ አንባቢ በ"እመጓ" መጽሐፉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ያደረጋቸው ጥናቶች፣ ከብት የማይገባበት አጸድ ውስጥ ችግኞች በቅለው እንደሚያድጉ፣ ከብት በሚገባበት ግን እንደማይተርፉ አሳይተዋል።

ስለ ዛፍ ጠባይ ሲነሣ ሁለት ጫፎች አሉ፤ ሁለቱም እዚሁ ሰሜን ወሎ ይገኛሉ። ከወልድያ ወደ ሰሜን ወርደን አላውሃን ስንሻገር በቆቦ ሜዳ ማሳ መካከል የቆሙ የግራር ዘመዶች እናያለን፤ በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው ነው። ይህ ዛፍ ከሌላው ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ ሲመጣ ይለብሳል። ሰብሉ ብርሃን በሚፈልግበት ጊዜ ጥላ የለውም፤ ከብቱ ጥላና መኖ በሚፈልግበት ጊዜ አለው። በሐረርጌ ደጋ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት፣ በዚህ ዛፍ ሥር የተዘራ በቆሎ ሜዳ ላይ ከተዘራው 76 በመቶ፣ ማሽላ ደግሞ 36 በመቶ ብልጫ እንዳለው አግኝቷል።

በሌላው ጫፍ ባሕር ዛፍ አለ። ወልድያን በከበቡት ኮረብቶች ላይ ከሥሩ ሣር የሌለው፣ አፈሩ የተሸረሸረ የባሕር ዛፍ ቦታ ማየት የተለመደ ነው። ጥላው ከማንጎ ይልቅ ቀላል ስለሆነ በብርሃን ብቻ ቢሆን ሣር ይኖረው ነበር። ሥሩ ውኃውን ይመጠዋል። ቅጠሉ ዘይትና ሌሎች የዘር ቡቃያን የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች አሉት። የወደቀውም ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዋልነት ዛፍ ጥላ ጎጂ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ዛሬ በዋልነት ዛፎች ውስጥ ጁግሎን የተባለ፣ ሌሎች ተክሎችን የሚጎዳ ንጥረ ነገር እንዳለ ይታወቃል። ጎረቤቱን በኬሚካል የሚያርቅ ዛፍ አለ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ከሥሩ ለመትከል ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል።

የቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው፤ ብዙ ዛፍ የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው። የወጣውን ሥር ለመሸፈን ብሎ አንድ ጋሪ አፈር አምጥቶ ማንጎው ሥር መድፋት የተለመደ ስሕተት ነው። ቀጫጭኑ ሥር የሚተነፍሰው በላይኛው አፈር በኩል ስለሆነ አንድ ስንዝር አፈር ሲጫነው ይታፈናል። ግንዱ ላይ የተቆለለ እርጥብ አፈርም ልጡን ያበሰብሳል። ጉዳቱ በዓመቱ ላይታይ ይችላል፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ጫፎቹ መድረቅ ሲጀምሩ ምክንያቱ ለሰው አይታወሰውም። ከተፈለገ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይበቃል። ለቡና ወይም ለጌሾ ጉድጓድ ሲቆፈር ክንድ የሚያህል ሥር ካጋጠመ መቁረጥ አይገባም፤ ጉድጓዱ ይዛወር። መቆፈሪያው ዶማ ሳይሆን አንካሴ ይሁን።

መግረዝም አለ። የድሮው ከዘር የበቀለ ማንጎ ሰማይ ይነካል፤ ዛሬ የሚሠራጩት እንደ አፕል ማንጎ፣ ኬንትና ቶሚ አትኪንስ ያሉት የተዳቀሉ ችግኞች አጠር ብለው ስለሚቀሩ ለግቢ ይመቻሉ። የድሮው ላለው ሰው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉትንና ወደ ውስጥ የገቡትን ቅርንጫፎች ማንሣት ብርሃንና ነፋስ ያስገባል። ለዛፉም ጤና ነው። በአንድ ዓመት ከአራት አንድ እጅ በላይ መቁረጥ ግን አይገባም፤ በጥላ የኖረ ልጥ በድንገት ለፀሐይ ሲጋለጥ ይቃጠላል።

የሚተከልበት ጊዜ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ዝናቡ ከያዘ በኋላ፣ አፈሩ አንድ ክንድ ሲርስ። በበልግ የተተከለ ችግኝ ግንቦትንና ሰኔን በሰው እጅ ውኃ መሻገር አለበት። የመጀመሪያው በጋ ወሳኝ ስለሆነ ቡናውና ጌሾው በሳምንት አንድ ጊዜ በጣሳ፣ ከእያንዳንዱ ግርጌ ብቻ፣ ይጠጡ። ማንጎው ሳይሰክር እነሱ ይድናሉ።

በሀብሩም ሆነ በወልድያ ዙሪያ ግቢ ያላችሁ ሁሉ፣ ዘንድሮ ለሰርዶ የምታወጡትን ገንዘብ አስቀሩት። ከማንጎው በስተሰሜን ባለው ጥግ ጥቂት የቡና ችግኝ፣ ሁለት የጌሾ ግንድ ትከሉ። ደጋ ከሆናችሁ እንሶስላ ጨምሩበት። የወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት የችግኝ ጣቢያ እንሶስላ ከሌለው ለምን እንደሌለው ጠይቁት።